ክረምቱ ሲወጣ የጓሮ ሥራ፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር

ዝናቡ መስከረም ላይ መሳሳት ሲጀምር አፈሩ ገና ውሃ እንደጠገበ ነው፣ ፀሐይዋም ከደመና ወጥታለች። በአዲስ አበባና እንደ እሷ ከፍ ባሉ ከተሞች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,600 ሜትር ግድም በሚገኝ አገር፣ የጓሮ አትክልት ለመጀመር ከዚህ የሚመች ጊዜ የለም። ወቅቱ ግን ጠባብ ነው። ወደ ኋላ የክረምቱ ጭቃ አለ፣ ወደ ፊት የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጠብቃል። በዚህ መሃል የሚበላሸው ነገር አብዛኛው የችኮላ ውጤት ነው፦ እርጥብ መሬት መቆፈር፣ ያልበሰበሰ ፍግ መጨመር፣ ያለውን ውሃ ሳያዩ ሰፊ መሬት መትከል።

መጀመሪያ ውሃና ፀሐይ

ምን እንደሚተክሉ ከማሰብዎ በፊት ስንት ካሬ ሜትር ማጠጣት እንደሚችሉ ይወስኑ። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር የተተከለ መደብ በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይጨርሳል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን 2 ካሬ ሜትር መደብ ለሁለት ቀን ተኩል ያቆያል። 10 ካሬ ሜትር ከሆነ በሳምንት 280 ሊትር፣ ማለትም 14 ጀሪካን ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ሮቶ ከሌለው በ4 ወይም በ5 ካሬ ሜትር ይጀምር። ትንሽ ሆኖ በደንብ የጠጣ መደብ ሰፊ ሆኖ ከተጠማው የበለጠ ያበላል። ጎመን የታጠበበት ውሃ ለመደቡ ይሆናል፤ በረኪና ወይም የዱቄት ሳሙና የነካው ግን ወደ አትክልት አይድረስ።

የፀሐዩን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። በሐምሌ ብርሃን ያገኝ የነበረ ቦታ በታኅሣሥ ጥላ ሊውል ይችላል። 2 ሜትር ቁመት ያለው የግንብ አጥር በታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ ወደ ሰሜን ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ጥላ ይጥላል፣ ጠዋትና ማታማ ከዚያም ይረዝማል። ከግንቡ በስተሰሜን ያለውን ጠርዝ ለኮምፖስት ክምር ወይም ለሰላጣ ይተዉት። ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ግንቡ በስተሰሜናቸው እንዲሆን አድርገው ይትከሉ፤ ግንቡ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላቸዋል።

መሬቱ ለቁፋሮ ደርሷል?

ቀይ አፈር ቶሎ ይደርሳል። ዋልካ ግን ላዩ ደርቆ እየታየ ውስጡ ጭቃ ነው፣ ስለዚህ በዓይን አይመኑት። ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አውጥተው በጭብጥዎ አጥብቀው ይያዙት። በጣቶችዎ መሃል እንደ ሊጥ ከወጣ፣ በአውራ ጣት ሲያሹትም ካብለጨለጨ ገና ነው። ጭብጡን ከወገብዎ ከፍታ መሬት ላይ ይልቀቁት። ተጠፍጥፎ ከተቀመጠ ሦስት አራት ቀን ይታገሡ፤ ወድቆ ሦስት አራት ቦታ ከተሰባበረ ዛሬውኑ ይቆፍሩ። ከነጭራሹ አልጨበጥ ብሎ ከፈሰሰ ደግሞ ዘግይተዋልና ማታ በደንብ አጠጥተው ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምሩ።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ያስፈለገው እርጥብ ዋልካ በዶማ ሲገለበጥ የዶማው ፊት አፈሩን ስለሚለስነው ነው። የተለሰነው ሲደርቅ ጓል ይሆናል፣ ያ ጓል ደግሞ እስከሚቀጥለው ዝናብ አይፈርስም፤ የካሮት ሥርም አይሰነጥቀውም። በእርጥብ መሬት ላይ መመላለስም ያንኑ ጉዳት ያመጣልና መሄጃው ላይ ጣውላ ያንጥፉ።

አረም፣ መደብ፣ ፍግ

መሬቱ እስኪጠነፍፍ አረሙን ይያዙ። በክረምት የበቀለው ሙጃ ፍሬውን ሳያራግፍ መታጨድ አለበት፤ አንዴ ካራገፈ እስከ በልግ ሲያርሙ ይኖራሉ። ለእንቁጣጣሽ ያማረው አደይ አበባም ከመስቀል በኋላ ዘሩን ስለሚበትን ጥግ ላይ ጥቂት ትተው መደብ ውስጥ ያለውን ይንቀሉ። ዘር ያላፈራው አረም ለኮምፖስት ይሆናል። ሰርዶ ግን የተለየ ነው፦ በዶማ ቆራርጦ ከአፈር ጋር መገልበጥ ማባዛት ስለሆነ ሥሩን በመቆፈሪያ ሹካ እያነሱ በሙሉ ያውጡ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት አድርቀውም ያቃጥሉት። ኮምፖስት ውስጥ ከገባ በዚያው ይለመልማል።

መደቡ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይስፋ። ከዚያ ከሰፋ መሃሉን ከሁለቱም ጎን በእጅ መድረስ ስለማይቻል መርገጥ ይመጣል። በሁለት መደቦች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር መሄጃ ይተዉ። በአራቱም ማዕዘን ችካል ተክለው ሲባጎ ይወጥሩ፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቆፍሩ፣ ጓሉን በዶማው ጀርባ ያድቅቁ። ዋልካ ከሆነ የመሄጃውን አፈር ወደ መደቡ ጥለው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ጥቅምት ላይ አንዳንዴ የሚመጣው ያልታሰበ ዝናብ ችግኙን እንዳያሰጥመው ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ከፍታው አያስፈልግም፣ ውሃውን ቶሎ ያስመልጣል።

በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ የበሰበሰ ፍግ ይበቃል፣ በ10 ሊትር ባልዲ ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ማለት ነው። የበሰበሰ ፍግ እጅ ሲከቱበት አይሞቅም፣ የእርጥብ መሬት ሽታ አለው፣ ጭዱም ተለይቶ አይታይም። የሚሞቅና ዓይን የሚለበልብ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የዝንብ እጭም ይጠራል። የዶሮ ኩስ ከሆነ መጠኑን ወደ ሲሶ ይቀንሱ፣ ቢያንስ ሦስት ወር የቆየም ይሁን። የከሰል ወይም የእንጨት አመድ በካሬ አንድ እፍኝ ይጠቅማል፤ ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አይጨምሩት፣ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋል። ፍጉን ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅለው በሬክ ያስተካክሉና ዘር ከመዝራትዎ በፊት አንድ ሳምንት ያሳርፉት። በዚያ ሳምንት የሚበቅለውን አረም በመኮትኮቻ ላዩን ብቻ ይፋቁት፤ ይህ አንድ ፍቆሽ በኋላ የሚመጣውን ብዙ የማረም ድካም ያስቀራል።

ዘር ሲገዙ

ለመደብ በቀጥታ የሚዘሩት ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በችግኝ ይጀመራሉ፤ ቆስጣ በሁለቱም ይሆናል። ገበያ ላይ የለመዱት ዝርያዎች ለጓሮም አስተማማኝ ናቸው፦ ካሮት ናንቴስ ወይም ቻንተናይ፣ ቀይ ሥር ዲትሮይት ዳርክ ሬድ፣ ቆስጣ ፎርድሁክ ጃይንት፣ ጥቅል ጎመን ኮፐንሃገን ማርኬት፣ ቲማቲም ሮማ ቪኤፍ። ዋልካ ላለው ሰው ከናንቴስ ይልቅ አጠር ወፈር የሚለው ቻንተናይ ይሻለዋል። ከቆርቆሮ ወይም ከታሸገ ፓኬት ሲገዙ የታሸገበትንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። እየተሰፈረ የሚሸጥ የሽንኩርት ዘር ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ በፍጥነት ይወርዳል። ጥርጣሬ ካለዎት 20 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያቆዩ፤ በአሥር ቀን ከ14 በታች ከበቀለ ወይ ሌላ ይግዙ ወይ አወፍረው ይዝሩ።

ካሮት፦ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት

የካሮት ዘር ጥቃቅን ነው፣ ቀስ ብሎ ይበቅላል፣ ላዩ ከደረቀ ደግሞ በዚያው ይቀራል። አንድ እጅ ዘር ከአምስት እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባወጡት 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር በሦስት ጣት እያሹ ይዝሩ። ከላይ የሚሸፍኑት አፈር ዋልካ አይሁን። ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ቅርፊት ይሠራል፣ ቡቃያውም ከሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት ወይም አሸዋ ይጠቀሙ። ከዚያ አሮጌ ጆንያ አልብሰው በጆንያው ላይ በቀን አንዴ ያጠጡ።

ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጆንያውን ገለጥ አድርገው ይዩ። በመስመሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ ባለበት ቀን ማታ ላይ ጆንያውን ያንሱ፤ ሁለት ቀን ከቆየ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይመዝዛል፣ ከጆንያው ቃጫ ጋርም ተጣብቆ ይነቀላል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል።

ማሳሳት የግድ ነው፣ ያሳዝናል ብለው አይተዉት። ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እንዲኖር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይንቀሉ። ከመንቀልዎ በፊትም በኋላም ያጠጡ። ሲነቀል ሹካ የሆነ ካሮት ትኩስ ፍግ፣ ጠጠር ወይም ጓል አግኝቷል ማለት ነው። የተሰነጠቀ ደግሞ ተጠምቶ ቆይቶ በአንዴ ብዙ ውሃ ጠጥቷል። ትከሻው አረንጓዴ ከሆነ ከአፈር ወጥቶ ፀሐይ አይቷል፤ በሚኮተኩቱበት ጊዜ አፈር ያልብሱት።

ቀይ ሥር ይቀላል። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዝሩ። አንዱ ፍሬ የብዙ ዘር ጥቅል ስለሆነ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል፤ ጠንካራውን ትተው ሌላውን በመቀስ ይቁረጡ። ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት መጀመሪያ ይተከላል፦ ከራሱ ዳር ዳር ያለውን ወፍራም ፍንካች መርጠው፣ ልጣጩን ሳይነኩ፣ ሹል አፉን ወደ ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት።

ችግኝ

ከታች የተበሳ ሣጥን ወይም የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ በሁለት እጅ አፈር፣ በአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግና በአንድ እጅ አሸዋ ይሙሉ። ዘሩን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመስመር ዘርተው ደረቅ ሣር ያልብሱ፣ እንደበቀለ ሣሩን ያንሱ። ቡቃያው አንገቱ ላይ ቀጥኖ፣ ጠቁሮና ተኝቶ ካገኙት ምክንያቱ መጨናነቅና የበዛ ውሃ ነው። የተኛውን አያድኑትም፤ ቀሪውን ያሳሱ፣ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያውጡት፣ አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ጠዋት ያጠጡ።

ሰላጣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት፣ ጎመን በ4 ወይም በ5፣ ቲማቲም በ5 ወይም በ6 ሳምንት ለመዛመት ይደርሳል። ቲማቲም ላይ ሒሳቡን ይሥሩ። መስከረም መጨረሻ የተዘራ ቲማቲም ጓሮ የሚገባው ኅዳር ሲጀምር፣ ልክ ብርዱ ሲመጣ ነው። በጳጉሜን ካልጀመሩ ወይም የደረሰ ችግኝ በጥቅምት መጀመሪያ ካልገዙ፣ በተለይ ረባዳ ሰፈር ከሆኑ፣ እስከ ጥር ይተዉት። ይህን ወቅት ለጎመን ዘሮች፣ ለቆስጣና ለሥራ ሥር ይስጡት፤ ብርዱን ይችሉታል።

ከመትከልዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ችግኙን ቀስ በቀስ ፀሐይ ያለማምዱት፣ ውሃውንም ይቀንሱ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይትከሉ። ጉድጓዱን መጀመሪያ ውሃ ይሙሉ፣ ውሃው ሲሰርግ ችግኙን ከነአፈሩ አስገብተው ዙሪያውን በጣት ይጫኑ። ጎመንና ቲማቲም እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ይቀበራሉ። ሰላጣ ግን ልቡ አፈር ከነካ ይበሰብሳልና በነበረበት ጥልቀት ይተከል። ርቀቱ ለሰላጣ 25፣ ለቆስጣ 30፣ ለጎመን 40፣ ለጥቅል ጎመን 45፣ ለቲማቲም 50 ሳንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ ይመስላል፤ አያጨናንቁት።

ከተከሉ በኋላ

ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ ላይ ያጠጡ። ማታ ቅጠል ላይ የሚፈስ ውሃ ሌሊቱን አድሮ ዋግ ይጠራል። በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በካሬ 10 ሊትር ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በየቀኑ ይሁን። ችግኙ ከያዘ በኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፣ ከግንዱ ግን ሁለት ጣት ያርቁት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጉዝጓዝ አይሆንም፤ ሌላ ተክል የሚያቀጭጭ ዘይት አለው።

በሦስተኛው ሳምንት ጎመንና ቆስጣ ከገረጡ በካሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ከግንዱ በአንድ ስንዝር ርቀት በትነው፣ ከአፈር ቀላቅለው ያጠጡ። የሐበሻ ጎመን ሲቆርጡ ከሥር ጀምረው፣ አናቱ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል እየተዉ ይቁረጡ፤ እንዲህ ከተያዘ ወራት ይቆያል።

ጠዋት ችግኝ ከመሬት ልክ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙ ሌባው ቆራጭ ትል ነው። ቀን ላይ እዚያው አካባቢ አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ በጣት ቢጭሩ ያገኙታል። ለቀሩት ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቀለበት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ከአፈር በታች፣ 5 ከላይ አድርገው ያጥልቁላቸው። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ በጎመን ቅጠል ጀርባ አመድ የመሰለ ሆኖ ይሰፍራል። ጥቂት ሲሆን በጣት ይጭመቁት፤ ከበዛ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅለው ማታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ይድገሙ። ቀንድ አውጣ የእጅ ባትሪ ይዞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ለቀማ ነው። የጎረቤት ዶሮ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት አጥር።

ጽጌረዳና ኮምፖስት

ጽጌረዳ ዝናቡ ሲያቆም ይገረዛል። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ከሥሩ ያውጡ፣ የቀረውን ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው አዘንብለው ይቁረጡ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ለቅመው ከግቢ ያስወጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሣርና ቅጠል ቢጣል ኪሳራ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ደረቅ ነገር፣ ግማሽ ስንዝር እርጥብ አረምና የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ስስ ፍግ እያፈራረቁ 1 ሜትር ከፍታ ያድርሱት። የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ይገባል፣ ሥጋና ቅባት ያለው ነገር አይጥ ይጠራል። በየሁለት ሳምንቱ ይገልብጡት። ከገማ ውሃ በዝቷል፣ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩ፤ በሁለት ሳምንት ካልሞቀ ደርቋል ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። በደጋው ቅዝቃዜ ሦስት አራት ወር ይፈጃል።

ውርጭ

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ንፋስ ቀርቶ፣ ማታ ቶሎ የሚበርድ ከሆነ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ረባዳ ቦታና ወንዝ ዳር ቀድሞ ይመታል፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ። ካሮት፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት አይጨነቁም፤ የሚጎዱት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና በሶብላ ናቸው። በቀኑ ጠዋት መሬቱን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ችካል ተክለው ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ ይዘርጉ፣ ጫፉ መሬት ይንካ። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠል እንዳይነካ፤ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ያንሱት።

ከተመታ ደግሞ የጠቆረውን ቅጠል ወዲያው አይቁረጡ፤ ለሚቀጥለው ሌሊት ከሥሩ ላለው ሽፋን ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ግንዱን በጥፍር ጫር ያድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ የሆነበት ቦታ ከላይኛው ጉጥ ከፍ ብለው ይቁረጡ፣ እስከ ሥሩ ቡናማ ከሆነ ነቅለው ቦታውን ለሰላጣ ይስጡት።